ውሃ የምታዞረው ኮከብ

ኮከብ ፎቶ ላነሳ ከደብረ ብርሃን ቆቦ ድረስ ሄጄ መጣሁ ስል፣ የሰማኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እዚህ ኮከብ የለም እንዴ?» ብሎ ነው። አለ። ግን የኛ ከተማ ኮከብ ወይ በጉም ተሸፍኗል፣ ወይ የመንገድ መብራት ውጦታል፣ ወይ ደግሞ እሱን ለማንሳት ደጅ የቆመው ሰው ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ካሜራውን መጫን ያቅተዋል። እኔ ሦስቱም ደርሰውብኛል። ሙሉ እባላለሁ፤ ፎቶ ቤት አለኝ። ሃያ ዓመት ሰው በሰማያዊ መጋረጃ ፊት እያስቀመጥኩ «ቀና በል፣ ትከሻህን ዝቅ አድርግ፣ አትሳቅ» ስል ኖሬአለሁ። የኮከብ ሱስ ከያዘኝ ወዲህ ግን ቀና የምለው እኔው ሆኛለሁ፤ ይኸው ሦስት ዓመቴ።

የፈለግኩት አንድ ፎቶ ነው። ኦሪዮን የሚባለው፣ ወገቡ ላይ ሦስት ኮከብ የደረደረው አዳኝ፣ ከፊቱ ከምትሄደው ቀይ ኮከብ ጋር ሆኖ ተራራ ላይ ሲያዘቀዝቅ፤ ሽቦ ያላቋረጠው፣ አምፖል ያልገባበት። ባለቤቴ «ለኮከብ ብለሽ ሁለት ቀን መኪና ላይ ልትቀመጪ ነው?» ብሎ ስቆብኛል። ይኼን ማስታወሻ ሲያነብ እንዳይዘለው እዚሁ መጀመሪያው ላይ ጻፍኩት።

የጋበዘችኝ ዘሀራ ናት። እኛ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ስትማር የምርቃት ፎቶዋን ያነሳኋት ልጅ ስትሆን አሁን ቆቦ አስተማሪ ናት። «እትዬ ሙሉ፣ የአባቴ ሰፈር ማታ መብራት የሚባል ነገር የለም፤ ሰማይ ብቻ ነው» አለችኝ በስልክ። ሌላ ሰው ቢሰማት ስሞታ ይመስለው ነበር። እኔ ግን ቀኑን ከጨረቃ ጋር አመሳክሬ፣ ሰማዩ የሚጨልምበትን ሳምንት መረጥኩ። የኛ ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ፣ የነሱ ረመዳን ሊገባ ሲል ሆነ። ሁለታችንም ጾመኞች ሆነን ልንገናኝ ነው ማለት ነው።

አንደኛ ቀን፣ ሐሙስ

ንጋት ላይ ተነሳን። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መስኮቱ ላይ እንደ ተለጠፈ ነበር። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሸዋ ሮቢት ስንገባ ግን ጃኬቴን፣ ሹራቤን፣ በመጨረሻም የአንገት ልብሴን አውልቄ ጭኔ ላይ ከመርኳቸው። ጎኔ የተቀመጡ እናት አይተው አይተው «አንቺ ልጅ፣ ሽንኩርት ነሽ እንዴ? አያልቅልሽም?» አሉኝ። ከደብረ ብርሃን ስትወጣ የለበስከውን ሁሉ ቆላ ላይ መሸከም ዕዳ ነው።

ደሴ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። እዚያ ነው የመጀመሪያው ጉድ የፈላው። የካሜራዬን ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ፣ ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ጭኖት ነበር። ከላዩ ደግሞ የሆነ ሰው የብረት አልጋ ተጭኗል። ሲወርድ አንዱ እግር ከመገጣጠሚያው ተሰብሯል። ኮከብ የሚነሳው ካሜራው ለብዙ ሰከንድ ፈጽሞ ሳይነቃነቅ ነው፤ ማቆሚያ ከሌለ ፎቶ የለም። ጮህኩ። ረዳቱ የተሰበረውን እግር ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ ከልቡ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ «እናቴ፣ ሁለቱ እኮ ደህና ነው» አለኝ። ወደው አይስቁ፣ ሳቅኩ።

ያደርኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ፊቴን አይታ ሻይ በራሷ እጅ አመጣችልኝ። በትሪው ላይ ጾም መሆኑን አስባ ዳቦና ለውዝ ጨምራበታለች። አልጋው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ሳየው የኛው ከተማ ሥራ ነው። እሱን ለብሼ ተኛሁ፤ ቤቴን የናፈቅኩት ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ሁለተኛ ቀን፣ ዓርብ

ሐይቅን፣ መርሳን፣ ወልድያን አልፈን ወደ ቆቦ። አንድ ኬላ ላይ ቦርሳዬ ተፈተሸ። ፈታሹ ወጣት ሌንሱን አንስቶ «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ኮከብ ማንሻ ነው።»

«ኮከብ ትቆጥሪያለሽ?»

«አልቆጥርም፤ ፎቶ ብቻ ነው የማነሳው።»

ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔን እይልኝ፤ ሚዛን ነኝ» አለ። መኪናው ሙሉ ሰው እየጠበቀ፣ በዚህ ወር ደግ ነገር እንደሚገጥመው ነገርኩት። እውነት ይሁንለት። ሌንሱን በሁለት እጁ አድርጎ መለሰልኝ።

ጎብዬ ላይ ምሳ ቆምን። ፍርፍር አዘዝኩ፣ በዘይት። አስተናጋጇ ስትሰጠኝ ከጎኔ የተቀመጡ ገበሬዎች ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሳይሆን ስለ ሽንኩርት ውሃ ይጨቃጨቁ ነበር፤ ማን አስቀድሞ አጠጣ፣ የማን ተራ አለፈ። እኛ አገር ውሃ ከሰማይ ስለሚመጣ የምንጨቃጨቀው ከሰማዩ ጋር ነው። ያኔ ጆሮ አልሰጠሁትም።

ቆቦ ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ገባን። ሙቀቱ ከመኪናው በር እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለኝ። ዘሀራ ባጃጅ ይዛ ስትጠብቀኝ ነበር። ማታ በተከራየችው ቤት ደጃፍ ቆመን ሰፈሩ ሁሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደጋው ተራራ፣ አንጋጦ አየን። ጨረቃ ትታይ እንደሆነ ነው። ብዙ ሳይቆይ ታየች ተባለ፤ ጎረቤት ለጎረቤት «ረመዳን ከሪም» ሲባባል መንገዱ በሳቅ ሞላ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ሦስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ጠዋት በባጃጅ፣ አቧራ እየዋጥን፣ ወደ ዘሀራ ወላጆች ወረድን። ሰፈሩ ከዋናው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ያለ ሜዳ ላይ ነው። በስተጀርባ የዞብል ተራራ፣ ፊት ለፊት የደጋው ተራራ ረድፍ፣ መሀሉ ለጥ ያለ የማሽላ ገለባና አረንጓዴ የሽንኩርት መደብ። ከደጋው ከምትወርድ ትንሽ ወንዝ ቦይ ተጠልፎ ማሳ ለማሳ ይሄዳል።

የዘሀራ አባት አያ ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጢም ያላቸው ሰው ናቸው። እጄን ጨብጠው ሳይለቁ የአገሬን ዝናብ፣ የአገሬን ከብት፣ የባለቤቴን ጤና፣ የመንገዱን ሰላም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሚስታቸው እማ ፋጡማ ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ አንድ አዲስ ድስት አምጥተው አሳዩኝ።

«ቅቤ ያልነካው ነው፣ እህታለም። ላንቺ ጾም ብዬ ከገበያ አመጣሁት። ወጥሽ በሱ ነው የሚሠራ፤ አብሽሪ።»

ጾሙን ራሳቸው እየጾሙ፣ ውሃ ሳይቀምሱ፣ ለኔ ጾም ድስት የገዙ ሰው ምን ይባላል? እንደ ልጅ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ማፍጠሪያ ሲደርስ ተምር ጀባ አሉን። ከዚያ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ለኔ በአዲሱ ድስት የተሠራ ሽሮ ከማሽላ እንጀራ ጋር መጣ። የማሽላው እንጀራ ከኛ ጤፍ ይልቅ ቶሎ ያጠግባል። ሦስተኛውን ጉርሻ ሳልጨርስ ደጅ ሰው ሰላም አለ።

የገባው ከድር የሚባል ጎረቤት ነው፤ ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ዓረብ አገር ሠርቶ ከተመለሰ ሁለተኛ መስኖው ነው። ተምር ሲሰጡት ተቀብሎ በላ፤ ውሃ ጠጣ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«አያ ሰይድ፣ በጾም ቀን ክፉ ልናገር አልመጣሁም። ግን ጽፌ ይዣለሁ። ከሐሙስ ዐሥራ አምስት ቀን በፊት ተራዬን የቆረጡብኝ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሐሙስ ማታ ግን ስድስት ሰዓት ከሃያ! ድፍን አንድ ሰዓት ውሃ ተበላብኝ። ከኔ ቀጥሎ የሚያጠጣው ደግሞ የሚስትዎ ወንድም ነው። ወላሂ፣ ሽንኩርቴ ጫፉ እየደረቀ ነው።»

ዘሀራ በጆሮዬ አስረዳችኝ። አባቷ የውሃ አባት ናቸው፤ የቦዩን ተራ የሚያዙ፣ ጠብ የሚዳኙ። አንድ ሌሊት ለሁለት ሰው ይከፈላል። የመጀመሪያው ከመግሪብ፣ ፀሐይ ስትገባ፣ ጀምሮ ቀይዋ ኮከብ ከደጋው ተራራ ጀርባ እስክትገባ ያጠጣል፤ ስትገባ አባቷ ከደጃቸው ይጣራሉ፤ ሁለተኛው ተቀብሎ እስከ ንጋት ያጠጣል። ወር ሲሞላ ቦታ ይለዋወጣሉ። ከአያቶቻቸው ጀምሮ እንዲህ ነው።

አያ ሰይድ በእርጋታ መለሱ። «ከድር ልጄ፣ እኔ አልቀደምኩህም፤ ቀይዋ ናት የቀደመችህ። እሷ በየቀኑ ትፈጥናለች። አሁን ያጠረብህ ወሩ ሲዞር ይረዝምልሃል። አባቴ በኦሮምኛ ‹ኡርጂ ዲማ›፣ ቀይ ኮከብ፣ ይላት ነበር፤ ያኔም ትፈጥን ነበር።»

«ኮከብ እንዴት ይፈጥናል? ፀሐይ በሰዓቷ ትወጣለች፣ በሰዓቷ ትገባለች። ኮከብ አውቶቡስ ነው? ማክሰኞ ጠዋት ሰው ይሰብሰብልኝ ብያለሁ። ካጠፉ የውሃ አባትነቱ ለሌላ ይሰጥ።» ተነስቶ፣ ሰላም ብሎ፣ ሄደ።

አያ ሰይድ እጃቸውን ታጥበው ከገበታው ተነሱ። ውሃ ሰረቀ መባል እዚህ አገር ከብት ሰረቀ ከመባል ይከፋል፤ ከብት ይመለሳል። እኔ ግን ልቤ ዘለለ፤ ምክንያቱም አያ ሰይድ እውነታቸውን ነው። ኮከብ ያነሳ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እያንዳንዷ ኮከብ ከትናንቱ አራት ደቂቃ ያህል ቀድማ ትገባለች። በዐሥራ አምስት ቀን ድፍን አንድ ሰዓት ይሞላል፤ ልክ ከድር እንደ ጻፈው። ተከሳሹን ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ የከሳሹ ስልክ ውስጥ ነበር። ከድር ግን ሄዷል፤ የእንግዳን ቃል ብቻውን ደግሞ ማን ያምናል?

ያን ሌሊት የመጀመሪያ ፎቶዬን ለማንሳት ወጣሁ። ትራይፖዱ ስለተሰበረ ከአጥሩ ካብ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ መረጥኩ። አንዱን ካልሲዬን እማ ፋጡማ በሰጡኝ ማሽላ ሞልቼ ትራስ ሠራሁና ካሜራውን አስተኛሁበት። ዳር ዳሩን በከሰል አሰመርኩ። ከፊት አንዲት ቁርቁራ ዛፍ፣ ከኋላዋ ተራራው፣ ከላይ ቀይዋና አዳኙ። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ አነሳሁ። ሰማዩን ምን ብዬ ልንገራችሁ? የኛን ሰማይ እንዲህ አጽድቶ የሚያጥብ ሰው ቢኖር እኔ እከፍለው ነበር። ፎቶው ግን ብዥ ብሎ ወጣ። ሌንሱን ከቤቴ አስተካክዬ በፕላስተር አጣብቄ የመጣሁት፣ በሙቀቱ ላልቶ ዞሯል። ኮከቦቹ ሁሉ ሳንቲም አክለዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ሳላየው ሃያ አንስቼ ነበር።

አራተኛ ቀን፣ እሑድ

ቀኑን በጥላ ስር እንደ እንሽላሊት ተጋድሜ ዋልኩ። ቆላ ላይ ሰው ቀን ተኝቶ ማታ እንደሚኖር የገባኝ ያኔ ነው፤ በተለይ በረመዳን። ከማፍጠሪያ በኋላ ሁሉም ነቃ።

እኔ እልኸኛ ነኝ። የተበላሸውን ፎቶ ራሱን፣ በዚያው ድንጋይ፣ በዚያው የከሰል መስመር፣ በዚያው ስድስት ሰዓት ደግሜ ላነሳው ወሰንኩ። ሌንሱን በደማቅ ኮከብ ላይ አስተካከልኩ፤ ነጥቧ መርፌ ጫፍ እስክታክል። ጫንኩ። ቆጠርኩ። በካሜራው መስኮት ላይ ሲወጣ እልል አልኩ፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሳ። አዳኙ ወገቡን ታጥቆ፣ ቀይዋ ከፊቱ እንደ ፍም ቀልታ፣ ቁርቁራዋ ከሥር፣ ሽቦ የለ፣ አምፖል የለ። ሦስት ዓመት የለመንኩት ፎቶ እጄ ላይ ነበር። ብቻዬን በጨለማ ዘለልኩ፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ።

ውሾቹ ዝም ሲሉ ነው ያየሁት። አያ ሰይድ ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ወደ ተራራው ነው። ከኋላቸው እማ ፋጡማ እጃቸውን ባላቸው ትከሻ ላይ አድርገው ቆመው ያያሉ። ጥቂት ቆዩና በሹክሹክታ «ወረደች» አሉ። ወዲያው አያ ሰይድ ሙሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ወረደች! ውሃ አዙሩ!» ብለው ተጣሩ። ከሜዳው ውስጥ «አዞርን!» የሚል መልስ መጣ።

እማ ፋጡማ ዞር ሲሉ አዩኝ። ቀርበው እጄን ያዙኝ። «ሁለት ዓመት ሆነው፣ እህታለም። ዓይኑ ላይ ጉም ወርዷል። ትልቋን ኮከብ ያያል፤ ቀይዋን አያይም። ሆድ ይፍጀው ብለን ነው።»

አምስተኛ ቀን፣ ሰኞ

ጠዋት ሁለቱን ፎቶ ሳስተያይ ሌላ ነገር አየሁ። ዛፏ በቦታዋ፣ ተራራው በቦታው፣ ሰዓቱ ያው ስድስት ሰዓት፤ ቀይዋ ግን ዝቅ ብላለች። ከካልሲው የማሽላ ፍሬ አውጥቼ በካሜራው መስኮት ላይ ደረደርኩ። ቅዳሜ ከኮከቧ እስከ ተራራው ጫፍ ሦስት ፍሬ፤ እሑድ ሁለት። እየሮጥኩ ከድር ማሳ ሄድኩ።

ከድር ጎንበስ ብሎ አረም ይነቅል ነበር። የሽንኩርቱን ጫፍ አየሁት፤ በእውነት ቢጫ ሆኗል። አሳየሁት። አየ፤ ፍሬውን ቆጠረ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ አትቀየሚኝ። የሳቸው እንግዳ ነሽ፤ እንጀራቸውን በልተሽ ምን ልትዪ ነው? ደግሞ እኔ ካሜራ አውቃለሁ። ትንሽ ካዞርሽው ኮከቡም ይዞራል።»

ተናደድኩ። ቆይቶ ግን ሐቅ እንዳለው ገባኝ፤ እኔም ብሆን በሌላ ሰው ፎቶ አልፈርድም ነበር። «እንግዲያው ዛሬ ማታ ና፤ በራስህ ስልክ ሰዓት፣ በራስህ ጣት አንሳ» አልኩት። የያዘውን አረም ጥሎ «እመጣለሁ» አለ።

ፎቶዎቹን ለማሳተም ቆቦ ብሄድ መብራት ጠፍቷል። ሳይሳካልኝ ስመለስ ደግሞ ከምዕራብ ደመና ተነሳ። የኛው የደጋ ደመና ነው፤ እስከዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። ከማፍጠሪያ በኋላ ተራራውን ሸፈነው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ከድር ሲመጣ አንድም ኮከብ በዚያ በኩል አልነበረም። አያ ሰይድ ካቡ ሥር ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ነገ ጠዋት ስብሰባ ነው፤ ሌላ ሌሊት የለም። እኔ ጸለይኩ፤ እሳቸው ዱዓ አደረጉ፤ ከድር ስልኩን ደጋግሞ አየ።

ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነፋስ መጣ። ደመናው ከታች በኩል እንደ መጋረጃ ተነሳ፤ ቀይዋ ተራራው ጫፍ ላይ፣ ልትወድቅ ትንሽ ቀርቷት፣ ብቅ አለች። «እስከ መስመሩ አስጠጋው!» አልኩ። ከድር ካሜራውን በከሰሉ መስመር ውስጥ አስተካከለ፤ ስልኩ ስድስት ሰዓት ሲል ጫነ። ትንፋሹን ይዞ ነበር። ፎቶው ሲወጣ ከኔ ካልሲ አንድ የማሽላ ፍሬ ወሰደና በኮከቧና በተራራው መካከል አስቀመጠ። ልክ አንድ ፍሬ ነበር። ስልኩን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ስድስተኛ ቀን፣ ማክሰኞ

ስብሰባው በቦዩ መክፈያ አጠገብ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ነበር። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። መሪው ሸህ ይመር የሚባሉ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ካሜራዬን ይዤ ብቀርብ ፀሐዩ መስኮቱን አጨለመው፤ ማንም ምንም አያይም። ነጠላዬን አውልቄ በካሜራው ላይ ጣልኩና «አንድ በአንድ ከሥር እየገባችሁ በማሽላ ፍሬ እየለካችሁ እዩ» አልኳቸው። ሽማግሌዎቹ በየተራ ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ ነጠላዬ ውስጥ ገቡ። ከውጭ ጀርባቸው ብቻ ይታያል። ከውስጥ «ሦስት... ሁለት... አንድ...» የሚል ድምፅ ይሰማል። የሚወጣው ሁሉ በግርምት ምላሱን ይመታል። ሸህ ይመር ሁለት ጊዜ ገቡ።

ከድር ተነሳ። «የመጨረሻዋን ያነሳሁ እኔ ነኝ፤ በገዛ ስልኬ ሰዓት። ቀይዋ ትፈጥናለች። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከቦዩ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎ አያ ሰይድ ፊት ጎንበስ አለ።

«አውፍ ብያለሁ፣ ልጄ» አሉት። «ድንጋዩን ግን በከንቱ አትጣለው፤ እዚያ ቦዩ የሚያፈስበት ላይ ጣልልኝ።» ሰው ሁሉ ሳቀ። ከድርም እየሳቀ ሄዶ ጣለው።

ሸህ ይመር «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ካሜራዬን ልከት ስል፣ እጃቸውን መልሰው አጠፉት።

«ሰይድ፣ የኮከቧስ ጉዳይ ለየለት። አንተ ግን ታያታለህ? ትናንት ስትሄድ በግንድ ተደናቅፈሃል።»

ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ። ወደ ሴቶቹ አየሁ፤ እማ ፋጡማ መሬት መሬት ያያሉ። አያ ሰይድ አዎ ቢሉ የሚጠራጠር አልነበረም፤ አሁን ሁሉም ከሳቸው ጋር ነው። እሳቸው ግን ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙ።

«አላያትም፣ ሸህ ይመር። በሐቅ ነጻ ከወጣሁ በኋላ አልዋሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየቻት ፋጡማ ናት። እኔ ድምፅ ብቻ ነኝ።»

ጉምጉምታው ተነሳ። አንዱ «ሴት የውሃ አባት ልትሆን ነው?» አለ፤ ከፊሉ ሳቀ። እማ ፋጡማ ቀና አላሉም። ያኔ ከድር ከቦዩ ዳር፣ እጁ ጭቃ እንደሆነ፣ ጮኾ ተናገረ።

«እኔ የከሰስኩት ውሃዬ ተበላ ብዬ ነው! ካልተበላ ዓይኑ የማንም ይሁን። ሁለት ዓመት ሳትሳሳት አይታለች። ለምንድን ነው የምትንሾካሾከው? ራሷ ትጣራ!»

ሸህ ይመር ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። ከዚያ ጥያቄውን ለሰው ሳይሆን ለእማ ፋጡማ አቀረቡ፤ «ፋጡማ፣ ትችያለሽ?»

«ድምፄ እስከ ታችኛው ማሳ ይደርሳል፣ አያ» አሉ፤ ዐይናቸው አሁን ቀና ብሏል። «ልጆቼን ስጠራበት የኖርኩት ነው።»

ዳኝነቱ የሰይድ፣ ጥሪው የፋጡማ ይሁን ተባለና ዱዓ ተደረገ። አያ ሰይድ ወደ ቤት ሲሄዱ ሚስታቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን አድርገው ነው፤ በቀን፣ በሰው ፊት።

ማታ ተራው የከድር ነበር። ከማፍጠሪያ በኋላ ማንም አልተኛም፤ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ በካቡ ላይ ተደርድሮ ወደ ምዕራብ ያያል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እማ ፋጡማ ከፊታችን ብቻቸውን ቆመዋል፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። በካሜራዬ ሳያቸው ቁመታቸው ከተራራው ረድፍ አልፎ ኦሪዮን እግር ሥር ይደርሳል፤ ጫንኩ። ከቅዳሜ ጀምሮ ካነሳሁት ሁሉ የምኮራበት ይኼ ነው። ቀይዋ ጫፉን ነካች፣ ተጨፈነች።

«ወረደች!» አሉ እማ ፋጡማ። ሹክሹክታ አልነበረም፤ ዞብል ድረስ የሄደ ድምፅ ነው። «ከድር! ውሃ አዙር!»

ሰዓቴን አየሁ። ልክ ስድስት ሰዓት፤ ከትናንት አራት ደቂቃ ቀድማለች። ከድር ከሐሙሱ ተራው ሃያ ደቂቃ ውሃ ሊያጣ ነው። ከታችኛው ማሳ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ ሳይዘገይ መልሱ መጣ።

«አዞርኩ፣ እማ ፋጡማ!»